ከመድኃኒቱ በፊት ምርመራው፦ አዲሶቹ የካንሰር ሕክምናዎች እንዴት ይሠራሉ? ለማንስ ይሆናሉ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ ወር 2022 ከኒው ዮርክ የተሰማ አንድ የምርምር ውጤት የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል፣ በትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ላይ ካንሰር የወጣባቸው 12 ታካሚዎች ዶስታርሊማብ የተባለውን መድኃኒት ለስድስት ወራት ከወሰዱ በኋላ የሁሉም ዕጢ ጠፍቶ ተገኘ። ቀዶ ሕክምናም፣ ጨረርም፣ ኬሞቴራፒም ሳያስፈልጋቸው ቀረ።

ዜናው በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ግን «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» ወደሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ተለወጠ። በመንገድ ላይ ወድቆ የቀረው ዋናው ቁም ነገር ነው። ታካሚዎቹ ለሙከራው የተመረጡት ዕጢያቸው አንድ የተለየ ባሕርይ ስለነበረው ነው፤ ሕዋሳቱ ሲባዙ በዘረ መላቸው ቅጂ ላይ የሚፈጠረውን ስህተት ማረም አይችሉም ነበር። ይህ ባሕርይ የሚገኘው በዚህ ካንሰር ከተያዙ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ከቀሪዎቹ ብዙዎቹ ያንኑ መድኃኒት ቢወስዱ ያንኑ ውጤት አያገኙም።

ባለፉት 25 ዓመታት ብቅ ያሉት የካንሰር ሕክምናዎች፣ ኢሚዩኖቴራፒም ሆነ ዒላማ ተኮር መድኃኒቶች፣ በአብዛኛው በዚህ መርሕ ላይ የቆሙ ናቸው። ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። በአንድ ስም የሚጠራው የጡት ካንሰር እንኳ በውስጡ በርካታ ዓይነቶችን ይዟል። ስለዚህ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል ከመወሰኑ አስቀድሞ የዕጢው ማንነት መታወቅ ይኖርበታል። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ታካሚው የማይረዳውን መድኃኒት ሊወስድ፣ ቤተሰቡም ያለውን ጥሪት ያለ ፍሬ ሊያወጣ ይችላል።

የእነዚህ ሕክምናዎች አሠራር፣ ያስገኙት ውጤት እና ወሰናቸው ከዚህ በታች ቀርቧል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነባሮቹ ሕክምናዎች

ለረጅም ዘመን የካንሰር ሐኪሞች ዋና መንገዶች ሦስት ነበሩ፦ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት፣ በጨረር መምታት እና በኬሞቴራፒ ማጥፋት። ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል። የካንሰር ሕዋሳት በፍጥነት ስለሚባዙ በዚህ ይጎዳሉ። ይሁንና በፀጉር ሥር፣ በአንጀት ሽፋን እና ደም በሚመረትበት የአጥንት መቅኔ ያሉ ጤነኛ ሕዋሳትም በፍጥነት ይባዛሉ። የፀጉር መርገፉ፣ የማስመለሱ፣ የደም ማነሱ እና ለኢንፌክሽን የመጋለጡ ምክንያት ይኸው ነው።

እነዚህ ሕክምናዎች ጊዜያቸው አላለፈም። ሕፃናትን የሚይዘው የደም ካንሰር በአብዛኛው የሚድነው በኬሞቴራፒ ነው። ሳይሠራጭ የተደረሰበት ዕጢም ዛሬም በብዛት የሚታከመው በቀዶ ሕክምና ነው። አዲሶቹ መድኃኒቶች በብዙ ሕመምተኞች ዘንድ የሚሰጡት ከነባሮቹ ጋር ተጣምረው ወይም እነርሱን ተከትለው ነው።

ዒላማ ተኮር መድኃኒቶች

ዒላማ ተኮር የሚባለው መድኃኒት፣ የካንሰር ሕዋስ ለማደግ የሚመካበትን አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ለይቶ ሥራውን የሚያግድ ነው። ከዚህ አስተሳሰብ ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ታሞክሲፈን ነው። አብዛኞቹ የጡት ካንሰሮች የሚያድጉት ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በሚሰጣቸው ግፊት ነው። ታሞክሲፈን ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ተቀባይ ቀድሞ ይይዝበታል።

በአሜሪካ በ1977 የተፈቀደው ይህ እንክብል ውድ አይደለም። ለ5 ዓመታት በየቀኑ ሲወሰድ፣ የሆርሞን ተቀባይ ባለው የጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። ተቀባዩ በሌለበት ዕጢ ላይ ግን አይሠራም።

ሌላው የጡት ካንሰር ዓይነት ሄር-2 የተባለው ፕሮቲን ከልክ በላይ የበዛበት ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዴኒስ ስላሞን እና ባልደረቦቻቸው፣ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል በዕጢያቸው ውስጥ የተባዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው በ1987 አሳዩ። ፕሮቲኑን ዒላማ ያደረገው ትራስቱዙማብ፣ በንግድ ስሙ ሄርሴፕቲን፣ በ1998 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከ100 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት የዚህ ዓይነት ዕጢ ያላቸው ናቸው። ቀድሞ እጅግ ከሚፈሩት ዓይነቶች አንዱ የነበረው ይህ በሽታ፣ ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት እና መድኃኒቱ ከተገኘ የመዳን ተስፋው ከፍ ያለ ሆኗል።

አስተሳሰቡን ከሁሉም በላይ ያረጋገጠው ግን ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለው፣ በዝግታ የሚያድገው የደም ካንሰር ነው። በ1960 ፒተር ኖዌል እና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በፊላደልፊያ ከተማ፣ የዚህ በሽታ ታካሚዎች የደም ሕዋሳት ውስጥ ከወትሮው ያጠረ ክሮሞዞም አገኙ። በ1973 የቺካጎዋ ተመራማሪ ጃኔት ራውሊ ምክንያቱን ደረሱበት፤ 9ኛው እና 22ኛው ክሮሞዞሞች ተሰብረው ቁራጮቻቸውን ተለዋውጠዋል። በስብራቱ ቦታ የተጋጠሙት ሁለት ዘረ መሎች ሕዋሱን ያለ ዕረፍት እንዲባዛ የሚያዝ ፕሮቲን እንደሚሠሩ በኋላ ታወቀ።

ይህን ፕሮቲን የሚያግደው ኢማቲኒብ በ1998 በሰዎች ላይ መሞከር ጀመረ፤ ሙከራውን ከመሩት መካከል የኦሪገኑ ሐኪም ብራየን ድራከር ይገኙበታል። በመጀመሪያው ሙከራ በቂ መጠን ከወሰዱት 54 ታካሚዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤነኛ ልኩ ተመለሰ። መድኃኒቱ በግንቦት ወር 2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። ቀደም ሲል ብዙዎቹ ታካሚዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ በዘለቀ ክትትል ግን፣ ሕክምናቸውን በኢማቲኒብ ከጀመሩት ከ100ው 83 ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት እንደሚገኙ ታይቷል።

ዒላማው ከታወቀ በኋላም መድኃኒቱን ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ኬራስ የተባለው ዘረ መል ለውጥ በሰው ካንሰር ውስጥ እንደሚገኝ የታወቀው በ1982 ነበር። በሳንባ፣ በትልቁ አንጀት እና በጣፊያ አጠገብ ባለው የፓንክሪያስ ዕጢ ካንሰር ላይ በብዛት ይገኛል። ሆኖም ፕሮቲኑ መድኃኒት የሚይዘው ቦታ የለውም ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ተስፋ ተቆርጦበት ቆይቷል። ከለውጡ ዓይነቶች አንዱን የሚያግደው የመጀመሪያ መድኃኒት፣ ሶቶራሲብ፣ ለሳንባ ካንሰር የተፈቀደው በ2021 ነው። ፍለጋው ወደ 40 ዓመታት ወስዷል።

ኢሚዩኖቴራፒ፦ የራስን መከላከያ ማንቀሳቀስ

ዒላማ ተኮር መድኃኒት የካንሰሩን ሕዋስ በቀጥታ ሲገጥም፣ ኢሚዩኖቴራፒ የሚያናግረው የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1891 የኒው ዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ኮሊ፣ በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ከተያዙ በኋላ ዕጢያቸው የጠፋ ሕመምተኞች መኖራቸውን ተመልክተው ባክቴሪያ ወደ ዕጢ መውጋት ጀመሩ። የተወሰኑት ሲሻላቸው ሌሎቹ በኢንፌክሽኑ ተጎዱ። ምክንያቱም ስላልታወቀ ዘዴው ተረሳ።

መልሱ የተገኘው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በቫይረስ የተያዙ እና የተበላሹ ሕዋሳትን እየለዩ ያጠፋሉ። የራሳቸውን አካል እንዳያጠቁ ግን እንደ መኪና ፍሬን የሚያገለግሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። ካንሰር ይህን ፍሬን ለራሱ ጥቅም ያውለዋል፤ ሊያጠፋው የመጣውን ቲ ሴል ፍሬኑን አስይዞ ያቆመዋል።

ከእነዚህ ፍሬኖች አንዱ የሆነውን ፒዲ-1 የተባለውን ፕሮቲን በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ታሱኩ ሆንጆ እና ባልደረቦቻቸው በ1992 አገኙት። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን በበኩላቸው ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሌላኛውን ፍሬን ሲዘጉት በአይጦች ላይ የነበረው ዕጢ እንደሚጠፋ በ1996 አሳዩ። በዚህ መንገድ የተሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኢፒሊሙማብ፣ በ2011 ተፈቀደ። ፒዲ-1ን የሚዘጉት ፔምብሮሊዙማብ እና ኒቮሉማብ በ2014 ተከተሉ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2018 የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ለውጡ በይበልጥ የታየው ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ላይ ነው። በሽታው ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ከተሠራጨ ቀድሞ ብዙዎቹ ታካሚዎች አንድ ዓመት እንኳ አይቆዩም ነበር። በ2024 በታተመ የረጅም ጊዜ ክትትል፣ ኒቮሉማብን እና ኢፒሊሙማብን አጣምረው ከወሰዱት ከ100ው 43ቱ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር ሜላኖማው ወደ ጉበታቸው እና ወደ አንጎላቸው መሠራጨቱን በ2015 ይፋ አድርገው፣ ከቀዶ ሕክምና እና ከጨረር ጋር ፔምብሮሊዙማብ ወስደው ነበር። ያረፉት በታኅሣሥ ወር 2024፣ በ100 ዓመታቸው ነው።

መድኃኒቶቹ በሳንባ፣ በኩላሊት፣ በሽንት ፊኛ እና በሌሎችም ካንሰሮች ላይ ጥቅም ላይ ውለዋል። በፓንክሪያስ ካንሰር እና በአብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር ላይ ግን ውጤታቸው ደካማ ነው። አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ በርካታ የዘረ መል ስህተት ያለበት ዕጢ ለበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ እንደ ባዕድ ጎልቶ ይታያል። ስህተት የያዘው ጥቂት ከሆነ ግን ከጤነኛው አካል ጋር ይመሳሰላል። የኒው ዮርኮቹ 12 ታካሚዎች ዕጢ ስህተቱን ማረም ባለመቻሉ ብዙ ስህተት ተጠራቅሞበት ስለነበር፣ ፍሬኑ ሲለቀቅ ቲ ሴሎቹ በቀላሉ ለዩት።

የአሜሪካ የምግብ እና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ፔምብሮሊዙማብን ይህ ባሕርይ ላለው ማንኛውም ጠጣር ዕጢ፣ በየትኛውም የሰውነት ክፍል ቢነሳ፣ እንዲሰጥ ፈቅዷል። አንድ የካንሰር መድኃኒት በተነሳበት የሰውነት ክፍል ሳይሆን በዕጢው ምልክት ብቻ ሲፈቀድ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እንደገና የተሠሩ ሕዋሳት እና በልክ የተሰፉ ክትባቶች

ሌላው የኢሚዩኖቴራፒ ዘርፍ የታካሚውን ቲ ሴሎች ከደሙ አውጥቶ፣ ካንሰሩን የሚለዩበትን ፕሮቲን እንዲያበቅሉ በላቦራቶሪ ዘረ መላቸውን ለውጦ፣ አባዝቶ ወደ አካሉ መመለስ ነው። ካር-ቲ ይባላል። በ2012 በፊላደልፊያ፣ ኬሞቴራፒ ያልረዳው የደም ካንሰር የያዛት አንዲት ሕፃን በዚህ መንገድ ከታከሙ ልጆች የመጀመሪያዋ ሆነች። ሕክምናው ባስከተለው ከባድ ትኩሳት ለሞት ተቃርባ ነበር። ሐኪሞቿ ለሪህ ሕመም የሚሰጥ ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ሰጥተዋት ተረፈች፤ ካንሰሩም ጠፋ። ከዚህ ምርምር የተገኘው ሕክምና በ2017 ሲፈቀድ የተተመነለት ዋጋ 475 ሺህ ዶላር ነበር።

ካር-ቲ እስካሁን የሠመረው በደም ካንሰሮች ላይ ነው። በጡት፣ በሳንባ እና በመሳሰሉት ጠጣር ዕጢዎች ላይ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት ምርምሩ ቀጥሏል።

ለኮሮና ክትባት ያገለገለው የኤምአርኤንኤ ቴክኖሎጂም ወደ ካንሰር ምርምር ገብቷል። ሞደርና እና መርክ የተባሉት ኩባንያዎች በሚያካሂዱት ሙከራ፣ የእያንዳንዱ ታካሚ ዕጢ ዘረ መል ተነቦ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ክትባት ይዘጋጃል። በልክ እንደተሰፋ ልብስ ለሌላ ሰው አይሆንም። ሜላኖማቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው 157 ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ፣ ክትባቱን ከፔምብሮሊዙማብ ጋር የወሰዱት ፔምብሮሊዙማብን ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በሽታው የማገርሸቱ ወይም የመሞታቸው ዕድል በሦስት ዓመት ክትትል በ49 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ውጤቱን ለማረጋገጥ ሰፊ ሙከራ ተጀምሯል።

መድኃኒቱ የማይደርስበት

አዲሶቹ መድኃኒቶች ሦስት ወሰኖች አሏቸው። የመጀመሪያው ምልክቱ ያላቸው ታካሚዎችም ሁሉ የማይሻላቸው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው መላመድ ነው። በሳንባ ካንሰር ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል። ኢጂኤፍአር የተባለው ዘረ መል የተለወጠባቸው ታካሚዎች በኤርሎቲኒብ እና በመሰሎቹ እንክብሎች በፍጥነት ይሻላቸዋል፤ ከወራት በኋላ ግን ዕጢው ሌላ ለውጥ ፈጥሮ መድኃኒቱን ያመልጣል። በ2015 የተፈቀደው ኦሲመርቲኒብ የተሠራው ይህንኑ ሁለተኛ ለውጥ ለመግታት ነበር። ዕጢው ለእርሱም መንገድ ያገኛል። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች በሽታው ሲያገረሽ ምርመራው እንዲደገም ይፈልጋሉ።

ሦስተኛው የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ፍሬኑ የተለቀቀው ቲ ሴል ጤነኛውን አካል ሊያጠቃ ይችላል። ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጀት፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ አልፎ አልፎም ልብ ሊቆጣ ይችላል። ሕክምናው ካበቃ ከወራት በኋላ የሚከሰትበትም ጊዜ አለ። ቀድሞ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ በስቴሮይድ ይታከማል። ተራ ተቅማጥ ወይም ተራ ሳል ተብሎ ከታለፈ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

የናሙናው ዕጣ ፈንታ

የዕጢው ማንነት የሚታወቀው በባዮፕሲ ከተወሰደ ናሙና ነው። የፓቶሎጂ ባለሙያው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር መሆኑን ያረጋግጣል። ቀጥሎ በልዩ ማቅለሚያ የሆርሞን ተቀባይ ወይም ሄር-2 መኖሩን ይመረምራል። እንደ ካንሰሩ ዓይነት የዘረ መል ምርመራም ይታከላል። በአንዳንድ አገሮች ከደም ናሙና የዕጢውን የዘረ መል ቁራጭ ማንበብም ተጀምሯል።

ይህ ሰንሰለት ከመነሻው ሊበጠስ ይችላል። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ሳይዘገይ በፎርማሊን ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከዘገየ ወይም በፎርማሊን ውስጥ ከሚገባው በላይ ከቆየ፣ ዕጢው ያለውን ተቀባይ ምርመራው «የለውም» ብሎ ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለ የተሳሳተ ውጤት የሚረዳትን መድኃኒት ከአንዲት ሴት ይነጥቃል።

የኢትዮጵያ ልምድ

በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በአዲስ መልክ በካንሰር ተይዘዋል፤ 9 ነጥብ 7 ሚሊዮን ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በኢትዮጵያ አዲስ ታካሚዎች በዓመት ወደ 80 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። በሴቶች ላይ የጡት እና የማሕፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው።

በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የታከሙ 352 የጡት ካንሰር ታካሚዎችን ናሙና የመረመረ፣ በ2014 የታተመ ጥናት የምርመራን ዋጋ ያሳያል። በአፍሪካውያን ሴቶች ላይ የሚከሰተው የጡት ካንሰር በአብዛኛው የሆርሞን ተቀባይ የሌለው እንደሆነ ይታሰብ ነበር። በጥናቱ ግን 65 በመቶ የሚሆኑት ዕጢዎች ተቀባዩ እንዳላቸው ተረጋገጠ። ይህም ማለት ከሦስቱ ታካሚዎች ሁለቱ ያህል ታሞክሲፈንን በመሰለ ርካሽ እንክብል ሊረዱ የሚችሉ ነበሩ።

ውድ የሆነ ዒላማ ተኮር መድኃኒትም ወደ ኢትዮጵያ መድረስ እንደሚችል ኢማቲኒብ አሳይቷል። አምራቹ ኖቫርቲስ እና ማክስ ፋውንዴሽን የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት በዘረጉት ፕሮግራም አማካይነት፣ በጥቁር አንበሳ የሚታከሙ የክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ታካሚዎች መድኃኒቱን በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል። ፕሮግራሙ በሽታው በላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው ለሚሠራለት ሰው ነው።

መከላከልም የዚሁ አካል ነው። የማሕፀን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያስከትለውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ ለታዳጊ ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2018 ነው። ከበሽታው በፊት የሚደርስ ክትባት ከየትኛውም ኢሚዩኖቴራፒ ይልቅ ርካሽ ነው።

የዋጋው ጉዳይ

የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብን እና ትራስቱዙማብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያካተተው በ2015 ነው። ሜላኖማን ለማከም ኒቮሉማብ በ2019 ተጨመረ። በዝርዝሩ መካተት አገሮች መድኃኒቱን እንዲገዙ ያበረታታል፤ ዋጋውን ግን በራሱ አያወርደውም።

ዋጋን የሚያወርደው ውድድር ነው። የባለቤትነት መብት ጊዜው ሲያልፍ ሌሎች አምራቾች ተመሳሳዩን ይሠራሉ። ድርጅቱ በታኅሣሥ 2019 ለመጀመሪያ ጊዜ የትራስቱዙማብ አቻ መድኃኒትን ጥራት ሲያረጋግጥ፣ የመጀመሪያው አምራች መድኃኒት በዓለም አማካይ በዓመት 20 ሺህ ዶላር እንደሚያስወጣ፣ አቻው በአብዛኛው በ65 በመቶ ርካሽ እንደሆነ ገልጾ ነበር። ቅናሹ ትልቅ ቢሆንም ቀሪው ገንዘብ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አሁንም የማይደረስበት ነው።

ታካሚዎች እና ቤተሰቦች ሊጠይቋቸው የሚገቡ

በውጭ አገር የሚታከም ሰው ለካንሰር ሐኪሙ ሊያቀርባቸው የሚገቡ መሠረታዊ ጥያቄዎች አሉ፦

– ካንሰሬ የትኛው ዓይነት ነው? ደረጃውስ ስንት ነው?

– በዕጢዬ ላይ የትኞቹ የተቀባይ እና የዘረ መል ምርመራዎች ተደርገዋል? ያልተደረገ አለ?

– የሚሰጠኝ መድኃኒት ዓላማው ማዳን ነው ወይስ ዕድሜ ማራዘም?

– እንደ እኔ ካሉ 100 ታካሚዎች ስንቱን ይረዳል?

– ለእኔ የሚስማማ ክሊኒካዊ ሙከራ አለ?

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ለታካሚው በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ልጅን ወይም ዘመድን አስተርጓሚ ማድረግ አይመከርም፤ ዘመድ ለማጽናናት ሲል ክፉውን ዜና ሊያለሳልሰው ይችላል። ክሊኒካዊ ሙከራ ውስጥ መግባት በፈቃድ ነው፤ የገባም ሰው በማናቸውም ጊዜ መውጣት ይችላል።

ኢሚዩኖቴራፒ የሚወስድ ወይም ወስዶ የጨረሰ ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲሄድ ይህንኑ አስቀድሞ መናገር አለበት። «ኬሞ ላይ ነኝ» ማለት ሐኪሙን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊመራው ይችላል።

ጾም የሚጾሙም መድኃኒታቸው ከምግብ ጋር ያለውን ግንኙነት ሊያውቁ ይገባል። ኢማቲኒብ የሚዋጠው ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውኃ ነው። ለዚሁ በሽታ የሚሰጠው ኒሎቲኒብ ግን ከምግብ ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት፤ ከተዋጠ በኋላም ለ1 ሰዓት ምግብ አይበላም። የጾም ወቅት ከመግባቱ በፊት ሐኪምን ማማከር፣ የሚወሰድ የባህል መድኃኒት ካለም ሳይደብቁ መንገር ያስፈልጋል።

ከአገር ቤት «ያንን አዲሱን መድኃኒት ላኩልን» የሚል ጥሪ ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። እንደ ትራስቱዙማብ እና ፔምብሮሊዙማብ ያሉት መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ያለባቸው በመሆናቸው በሻንጣ ሲጓዙ ሊበላሹ ይችላሉ። የሚሰጡትም በሐኪም ክትትል ነው። ከዚያም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የታካሚው የፓቶሎጂ ውጤት ነው። ውጤቱ ካልተሟላ፣ ለመድኃኒቱ የተዋጣው ገንዘብ በቅድሚያ ለምርመራው ቢውል ይሻላል። ምርመራው የሚያመለክተው መድኃኒት በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛው አዲሱ ላይሆን ይችላል፤ በአገር ውስጥ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኘው፣ ወደ 50 ዓመት ገደማ ያገለገለው ታሞክሲፈን ሊሆን ይችላል።